ጽሞናና ብቸኝነት

«ለብቻ የበላ ለብቻው ይሞታል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። በዚህ ተረት ያደግን ልጆች በመሆናችን፥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ስናይ «ምን ሆነ? ማን አስቀየመው?» ማለት ልማዳችን ነው። ለመሆኑ ሰው ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ረጅም መንገድ ብቻውን መጓዙ ራስን መውደድ ነውን? ወይስ ለአእምሮ የሚገባ ዕረፍት?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው እንዲያው ለክርክር ያህል አይደለም። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ቀስ በቀስ ከጉባኤያችን ራቀ። እኛም ብቻውን ሲመላለስ እያየን «ጭምት ነው፤ ጽሞና ይወዳል» እያልን አመሰገንነው። ለካስ ልቡ ታሞ ኖሯል። እንቅልፍ ካጣ ወራት ማለፉን የሰማነው ዘግይተን ነው። ዛሬ በሐኪም እርዳታ ደኅና ቢሆንም፥ ጽሞናንና ብቸኝነትን ለይተን ባለማየታችን ኅሊናችን ይወቅሰናል።

ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ጽሞና ሰው ወዶ የሚገባበት፥ ሲበቃውም የሚወጣበት ቤት ነው። ብቸኝነት ግን በሩ ከውጭ የተዘጋ ቤት ነው።

ከራስ ጋር መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በታተመ ጥናት፥ ሰዎች በባዶ ክፍል ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። በአጠገባቸው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መጫኛ ነበረ። አስቀድመው ንዝረቱን ለመሸሽ ገንዘብ እስከ መክፈል እንደሚደርሱ ከተናገሩት መካከል፥ ከ18ቱ ወንዶች 12ቱ፥ ከ24ቱ ሴቶች ደግሞ 6ቱ ራሳቸውን አስነዘሩ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ሕመም ተመረጠ ማለት ነው!

እንግዲህ የእግር ጉዞ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለ90 ደቂቃ አስኬዱ፤ ገሚሱን ዛፍና ሣር ባለበት ሜዳ፥ ገሚሱን መኪና በሚበዛበት ጎዳና። በሜዳው የሄዱት ክፉ ሐሳብን እየመላለሱ ማመስኳታቸው ቀነሰላቸው፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍልም እንቅስቃሴው ረገብ አለ። በጎዳናው የሄዱት ግን ይህን አላገኙም። ይህ የአንድ ጉዞ ውጤት ነው እንጂ፥ መድኃኒትን የሚተካ አይደለም።

እኛም አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን፥ ተራርቀንና ሳንነጋገር የእንጦጦን ዳገት ወጣን። በመጀመሪያ የተጣላነውና የጎደለን ነገር ሁሉ በልባችን ይንጫጫ ነበር። ትንፋሻችን ሲያጥር ግን ጫጫታው እያነሰ ሄደ፤ የባሕር ዛፉ ሽታና የገዛ ኮቴያችን ድምፅ ብቻ ቀረ። ከላይ ስንደርስ ያው ችግራችን አብሮን ነበር፤ ነገር ግን ልንሸከመው የምንችል ሆኖ አገኘነው።

ስንወርድ ጭራሮ የተሸከሙ እናት ሸክማቸውን ከገደሉ አስደግፈው ሲያርፉ አየን። እርሳቸውም በዚያው መንገድ፥ በዚያው ዛፍ ሥር ብቻቸውን ይሄዳሉ፤ ለእርሳቸው ግን ዕረፍት አይደለም። ስለዚህ ወዶ መሄድ መቻል ራሱ ስጦታ መሆኑን ተረዳን። በጽሞና የከረመ ዓይን ባልንጀራውን የማያይ ከሆነም፥ ጽሞናው ምን ጠቀመ? ከመካከላችን ሁለቱ ሸክሙን እስከ ታች ተቀባበሉላቸው።

ነቢዩ ኤልያስም ተስፋ ቆርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ ተኛ፥ በላ፥ ጠጣ፤ ከዚያም እስከ ኮሬብ አርባ ቀንና ሌሊት ተጓዘ። ጉዞው ግን በዋሻው አላበቃም። በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ተነገረው፤ ኤልሳዕን የሚያህል ባልንጀራም ተሰጠው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ልባችን ሲጨናነቅ ወዴት እንደምንሄድ ለአንድ ሰው ነግረን እንሂድ፤ ሄደንም እንመለስ። ባልንጀራችን ለብቻው መሆን ሲወድ መንገዱን እንልቀቅለት። መመለሻው ሲዘገይ ግን «ጭምት ነው» ብለን አንለፈው፤ ሄደን በሩን እናንኳኳ። አንድ ጊዜ ባይከፍትልንም ደግመን እናንኳኳ።