የወንድ ልጅ እንቁጣጣሽ

መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ»ን እያዜሙ በየደጁ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ በእጃቸው የሣሉትን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በወረቀቱ ላይ መልአክ አለ፤ ፀሐይ አለች፤ አበባም አይጠፋም። ልጁ ሥዕሉን ለቤቱ ባለቤቶች ያበረክታል፤ እነርሱም ሳንቲም ወይም ብር ይሸልሙታል። ይህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አበባ ሥሎ ማበርከት እንዴት የወንድ ልጅ ድርሻ ሊሆን ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ይኸው ልጅ እኮ ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በቡሄ፣ ዱላውን ከመሬት እያጋጨ ከጓደኞቹ ጋራ «ሆያ ሆዬ» ሲል የነበረ ነው። በዚያ ቀን ድምፁ የቡድን ድምፅ ነው፤ አውራጁ ቢሳሳት ተቀባዮቹ ይሸፍኑለታል። በእንቁጣጣሽ ግን የሚከልለው ዱላ የለም። ሥዕሉን ዘርግቶ፣ የሚያየው ሰው ፊት እስኪፈታ ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል። የመልአኩ አንድ ዓይን ከሌላው ቢተልቅ ጥፋቱን የሚጋራው አይኖርም። ወንድነት ድፍረት ነው ከተባለ፣ ከሁለቱ በዓላት የበለጠ ድፍረት የሚጠይቀው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። እኔ ለወረቀቱ አደላለሁ።

በሌላው ዓለም የካርድ ነጋዴዎች «የወንድ» ብለው የሚለዩት ካርድ አላቸው፤ መኪና፣ መርከብ፣ ደብዘዝ ያለ ቀለም። አበባው ለሴት ተትቷል። እነርሱ ወንድነትን በሥዕሉ ውስጥ ይፈልጉታል፤ የእኛ ልማድ ደግሞ በአቀራረቡ። የታተመው የገና ካርድ አጀማመርም ያስገርማል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል በ1843 እ.ኤ.አ. ካርድ አሣሥሎ ያሳተመው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ስላጣ ነበር። የእንቁጣጣሹ ሥዕል ግን ልጁ በክረምቱ ዕረፍት ጎንበስ ብሎ ያሳለፈው ጊዜ ራሱ ነው።

«ብር ከተቀበለበት ሽያጭ እንጂ ስጦታ አይደለም» የሚሉ አሉ። በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም፤ ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስም በ1925 እ.ኤ.አ. በወጣው ታዋቂ ጥናቱ ስጦታ መልስን የሚያስገድድ ነገር እንዳለበት አሳይቷል። ሆኖም ልጁ ዋጋ አይጠራም፤ ተቀባዩም አይከራከርም። ዳቦ ብቻ ቢሰጡት ሥዕሉን መልሶ አይወስድም። ይልቅ የሚያስቸግረው ፎቶ ኮፒው ነው። አንዱን ሥዕል አባዝቶ ለሃያ ቤት ማደልን ኃጢአት አልለውም፤ በሚያገኘው ደብተር የሚገዛ ልጅ ይኖራል። ነገር ግን ተቀባዩ «ይህ ለእኔ ተሣለ» የሚልበት ነገር ያጣል። ቢያንስ ቀለሙን በእጁ የቀባ ልጅ ግማሹን መንገድ ተመልሷል።

እንደ አርካዊት ባለ የካርቱም ሰፈር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጎረቤቱ ሱዳናዊ ነው፤ መስከረም 1 ለእርሱ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ሥዕል ይዞ በሩ ላይ የሚቆም ልጅ ሽልማት ሊጠብቅ አይችልም፤ ልማዱ እዚያ የለምና። ምን እንደያዘና ለምን እንደመጣ በዐረብኛ ማስረዳትም ይኖርበታል። ሽያጭ ነው የሚለው ክስ በዚህ በር ላይ ምን መያዣ ያገኛል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ብዙ በር ዘግቷል፤ ሐበሻውንም ሱዳናዊውንም በየአቅጣጫው በትኗል። በተሰደዱበት አገር «ለማን ትሰጠዋለህ?» እያሉ ልጃቸውን ከመሣል የሚያስቀሩ ወላጆች ካሉ፣ ቀለሙን አይንፈጉት። ሥሎ ይጨርስና፣ በዓሉን የማያውቀውም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ጎረቤት በር ያንኳኳ።