በረዶ የዘለለው ማሳ

ሰው ከመከራ ባመለጠ ጊዜ የመጀመሪያ ቃሉ «ተመስገን» ነው። ቃሉም መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ቃል በተነገረበት በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት «ወየው» የሚል እንደ ሆነ፥ ምስጋናውና ዋይታው በአንድ መንደር እንዴት አብረው እንደሚያድሩ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ማዕበል የዘለለው ሰው ማዕበል ለመታው ሰው ዕዳ አለበትን? ወይስ የሚሰጠው ሁሉ ቸርነት ብቻ ነው?

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያሻንም። ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት አዘዞ፥ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ደጋው ወደ ደምብያ ሜዳ በሚወርድበት በር ላይ ተቀምጣለች። በክረምቱ መግቢያና በመውጫው በዚያ አገር የቆየ ሰው ነገሩን በዐይኑ ሊያየው ይችላል። ሰማዩ ጧት ጠርቶ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ተቆልሎ ይጠቁራል፤ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ገለባውንና አቧራውን ያነሣል፤ ከብቱም ሳይነዱት ወደ ቤቱ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። በረዶው ሲያባራ ከመገጭ ወንዝ ወዲህ ያለው ጤፍ ከጭቃ ጋራ ተለውሶ ተኝቷል፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው ግን ታጥቦ፥ አምሮበት፥ እንደ ቆመ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት የታወቀ ነው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነጉድ ብርቱ ነፋስ አለ። እርሱም የውሃውን ነጠብጣብ ብርድ ወደ በዛበት ከፍታ ያወጣዋል፤ ነጠብጣቡ ይረጋል፤ በላዩ ሌላ ውሃ እየደረበ ይከብዳል፤ ነፋሱ ሊሸከመው ባቃተው ጊዜም ይወድቃል። ትልቁን በረዶ የሰነጠቀ ሰው ውስጡን እንደ ቀይ ሽንኩርት ድርብርብ ሆኖ የሚያገኘው ስለዚህ ነው። ነፋሱ የሚነጉድበት ስፍራ ጠባብ ነውና በረዶው የሚጥልበትም ምድር ጠባብ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የገበሬው ትጋት ወይም ስንፍና፥ ደግነቱ ወይም ክፋቱ የገባበት ቦታ የለም።

መንደር ግን እንዲህ አያስብም። በረዶ በወረደ ማግስት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ቃል «በዓል ሽሮ ይሆናል» የሚለው ነው። በደጋው አገር በበዓል ቀን ያረሰ ሰው በመንደሩ ሁሉ ላይ በረዶ ያመጣል የሚል እምነት ከጥንት የቆየ ነው፤ በዓል የሻረውንም ሰው መቅጣት የተለመደ ነው። እኛ በዚህ እምነት ለመሣቅ አንቸኩልም። የአንዱ ሥራ ለሌላው እንደሚተርፍ፥ መንደር ሁሉ ከአንድ ደመና በታች እንደሚኖር ያምናልና፤ ይህም ትልቅ አሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው በረዶው ከወረደ በኋላ ነው። የተመታው ኀጢአተኛ ከሆነ ያልተመታው ጻድቅ መሆኑ ነው፤ ጻድቅም በኀጢአተኛ ቅጣት መካከል ምን አግብቶት ይገባል! ስለዚህ ወቀሳው ዘር ከማበደር ያድናል፤ በሬ ከመስጠት ያድናል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከአጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሹት የመከራውን ምክንያት ለመግለጥ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። በወንጌልም በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ጌታ የሰጠውን መልስ አንባቢ ያውቀዋል።

በረዶ እመልሳለሁ እያለ ከየቤቱ እህል የሚሰፈርለት ሰውም ነበረ። እህሉን የሰፈሩለት ሰዎች ወዴት እንደሚመልሰው የጠየቁት አይመስለንም።

ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው ይሻላል፤ ይኸውም «ዕድል ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የተመታውን አይወቅሱም፤ ያዝኑለታል፤ ጥቂት እህልም ይሰጡታል። ሲሰጡ ግን ከገዛ ገንዘባቸው ቆርሰው እንደሚመጸውቱ አድርገው ነው፤ ተቀባዩም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። በሚቀጥለው ዓመት በሸንጎ መካከል ከሰጪው አሳብ የተለየ ቃል ለመናገር አንደበቱ ይያዝበታል። ምጽዋት መንፈሳዊ ዋጋ ያለው መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የሰጪው ማሳ የቆመው በሰጪው ኀይል ነውን? በኦሪት ዘፀአት በግብፅ ላይ የወረደው በረዶ ተልባውንና ገብሱን ሲመታ ስንዴው ተርፏል። የተረፈበትም ምክንያት ተጽፎአል፤ ዘግይቶ የሚበቅል ስለ ነበረ ነው። የስንዴው ጽድቅ መዘግየቱ ብቻ ነበረ።

እንግዲህ የእኛን አሳብ እንናገር። ሁለቱ ገበሬዎች በዚያ ዕለት ጧት፥ ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ፥ በመንገድ ተገናኝተው ቢሆንና አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ከእናንተ የአንዳችሁ ማሳ ይጠፋል፤ የማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም፤ ምን ብላችሁ ትዋዋላላችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ መልሳቸው ምን ይሆን ነበር? «የተረፈው የተመታውን ያንሣው» ከማለት በቀር ልባም ሰው ሌላ ውል አይዋዋልም። ማታ ላይ ውሉን የሚያከብደው ዕጣው መታወቁ ብቻ ነው፤ የዕጣው መታወቅ ደግሞ ፍርድን አይለውጥም። ጧት እውነት የነበረው ነገር ማታም እውነት ነው። ስለዚህ ያልተመታው ሰው የሚሰጠው ነገር ከምጽዋት ይልቅ ወንፈልን ይመስላል እንላለን። ወንፈል የገባ ሰው ባለንጀራው ሊያርስለት ሲመጣ ችሮታ ተቀበልኩ ብሎ አያፍርም፤ ተራውን ይጠብቃል እንጂ። የበረዶው ወንፈል ልዩነቱ ተራው መቼ እንደሚደርስ አለመታወቁ ነው፤ ምናልባትም ሳይደርስ ይቀር ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ማሳዬን ያለሰለስሁት እኔ፥ ያረምሁት ልጆቼ፤ ምርቴ የወዜ ዋጋ ነው፤ ስለ ምን እካፈላለሁ?» የሚል ገበሬ ቢኖር ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የተመታውም ማሳ ለስልሶ፥ ታርሞ ነበረ። ሁለቱን ማሳዎች የለያያቸው ወዝ አይደለም። እኛም እህሉን እኩል ይካፈሉ አላልንም፤ እንዲህ ያለው ሕግ ትጋትን ይገድላል። የዕዳው ልክ የተመታው ሰው ዳግመኛ በእግሩ ለመቆም የሚያስፈልገው ያህል ነው።

ይህም ልክ በአዘዞና በደምብያ አገር በደንብ ይታወቃል። በረዶው መስከረም ላይ የወረደ እንደ ሆነ ዋልካው መሬት እርጥበቱን ይዞ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሳው ተገልብጦ ሽምብራ ወይም ጓያ ቢዘራበት ዓመቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ስለዚህ ለተመታው ሰው የሚያስፈልገው ዘር፥ ጥማድ በሬና የሰው ጉልበት ነው፤ ያውም በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ። መሬቱ ከደረቀ በኋላ፥ በኅዳር፥ በጥር፥ የሚመጣው ስጦታ እጥፍ ቢሆንም ሆድ ከመሙላት አያልፍም። የዘገየ ዕዳ ወደ ምጽዋት ይለወጣል። እህሉን ጎተራ ዘግቶ ዋጋው እስኪወደድ የሚጠብቀውን፥ ወይም በአራጣ የሚያበድረውን ሰው ግን ምን እንለዋለን? በረዶው ያላደረሰውን እርሱ ያደርሳል፤ ማሳው የተመታበት ሰው መሬቱ እንኳ ቀርቶለት ነበርና።

በረዶ ያልነካው ሰው ሌላም ዕዳ አለበት፤ እርሱም ማመን ነው። የግእዝ መጻሕፍት በረድን፥ ሐመዳንና አስሐትያን ይለያሉ፤ በአማርኛም ከሐመዳ የወጣው አመዳይ የሚለው ቃል አለ። በቆላና በወይናደጋ የሚኖረው ሰው ግን ሁሉንም «በረዶ» ብሎ ያልፈዋል፤ በጥጥ አምሳል የሚወርደውን አላየውምና። ከአዘዞ እስከ ራስ ዳሽን ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ቢታሰብ፥ ሁለቱ ስፍራዎች ቀድሞ በአንድ ዞን ስም ይጠሩ የነበሩ ሁለት ዓለሞች ናቸው። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የግሪክኛ ጽሕፈት፥ ከተከዜ ማዶ ያሉትን የሰሜን ሰዎች በወጋ ጊዜ አመዳዩ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም እንደ ነበረ አስቀርጿል፤ ይህንንም ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዓመት ገልብጦ አቆይቶልናል። ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን በ1770 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ በሰሜን ተራሮች ላይ አመዳይ አይታይም ብሎ ጻፈ። ከ40 ዓመት በኋላ ሔንሪ ሶልት ያንኑ ተራራ ነጭ ለብሶ አየሁት ብሎ መሰከረ። ብሩስ ሰነፍ ተመልካች አልነበረም፤ የሰሜንን ሰው ምስክርነት በጎንደር አየር መዘነው እንጂ። በጃናሞራና በበየዳ ገብሱን ውርጭ መታው የሚል አቤቱታ የሚመጣለት ሹምም በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ፥ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ እየሞቀው፥ ይህን ስሕተት ለመድገም ቅርብ ነው። ለጽሕፈት ቤት ሰው የመጀመሪያው ደግነት በሬ መስጠት ላይሆን ይችላል፤ አቤቱታውን ሳይጠራጠር አንብቦ ሳምንቱ ሳያልፍ ሰው ወደ ስፍራው መላክ ነው።

ደመናው እስከ ምን ድረስ ይዘረጋል? ብሎ የሚጠይቀን ይኖራል። ጎረቤትስ ይሁን፥ ወረዳስ ይሁን፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ምኔ ነው? እኛም ድንበሩን በችካል ለመለየት አልቻልንም። በየካቲት 2013 (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021) በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ብርቱ አመዳይና ነፋስ ወርዶ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በሚበልጡ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች መብራት ጠፋ፤ መንግሥቱ የቈጠራቸው ሙታን 246 ነበሩ። መብራት ሲታጠፍ የሆስፒታሎች መስመር እንዳይነካ ተደርጎ ስለ ነበረ፥ በአንዱ ሰፈር ምድጃው ሲሞቅ የማዶው ሰፈር በጨለማ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከመገጭ ወዲህና ወዲያ እንዳለው ማሳ መሆኑ ነው። በዚያ ግዛት በዳላስ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ገንዘብና መድኀኒት ከዚያ ወደዚህ መምጣቱን እንጂ ሌላውን አልለመድንም ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ፀሐይ በሞላበት በየካቲት ቀትር እዚህ የተቀመጠች እናት ስልኳን ይዛ «ልጄ፥ በረደህ ወይ?» ብላ ለመጠየቅ ደጋግማ ትደውል ነበር። ከላይ ባበጀነው መለኪያ ያቺ እናት ዕዳ የለባትም፤ የምትልከውም በሬ የላትም። ቢሆንም መስመሩ ተይዟል ሲላት እንደ ገና ትደውላለች።