ወረራና ሐልዮ

የቀድሞ መኳንንት በሚጫወቱት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ በሆነበት በዛሬው የቼዝ ውድድር ዘንድ ፈጽሞ የማይታወቅ ሥርዐት ነበረ፤ ይኸውም የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ተብሎ፣ ሁለቱ ባላጋሮች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ፣ ፈርዙን፣ ፊሉንና ፈረሱን እንደ ፈቃዱ የሚያሰልፍበት፣ የወዲያኛውንም አሰላለፍ አይቶ ያንቀሳቀሰውን ወደ ስፍራው ሊመልስ የሚችልበት ጊዜ ነው። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ19ኛው ምእት ዓመት አይቶ ጽፎታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጨዋታ ታሪክ ጥናት አሳትሟል።

እንግዲህ ምንም ሳይበላ፣ ነገር ግን ጦሩን ሁሉ በባላጋራው ንጉሥ ላይ ያሰለፈ ሰው በድሏልን ወይስ ንጹሕ ነውን? በልደታ ሰፈር ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ይገኛል። በፍርድ ቤቱ አዳራሽ የሚሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ በ26ኛው አንቀጹ፣ ለወንጀል መሰናዳት ብቻውን በመደበኛው እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ ግንቦት 1 ቀን በዓለ ልደቷ በሚከበርላት በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግን፣ ተነሳሒው በነቢብና በገቢር የፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሐልዮ የበደለውንም ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል።

የሕግ ሰዎች ይህን ሰምተው ቤተ ክህነት የሰውን ልብ ልትገዛ ትሻለች ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን የዳኛው ዝምታና የካህኑ ጥያቄ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይመስሉኛል። ዳኛው የሚታገሠው፣ ሰውየው ገና ሊመለስ ስለሚችል ነው፤ ካህኑም የሚጠይቀው ስለዚሁ ነው፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣ ንስሐ ነፍስን ቢያድንም የሞተውን አያስነሣምና።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በወረራ ጊዜ ፈረሱን ወደ ኋላ የሚመልስ ተጫዋች ከጠብ መራቁ አይደለም፤ ይልቁንም የባላጋራውን ድካም በሌላ በኩል ስላየ፣ አብልጦ ለመምታት ነው። የመመለሱ እንቅስቃሴ የተጸጸተው ሰው ከሚያደርገው በምንም አይለይም፤ ዳኛው ሁለቱንም እኩል ያሰናብታቸዋል፣ ካህኑም ቢሆን ከተናዛዡ አንደበት በቀር ሌላ ምስክር የለውም።