ምላስ ሲታሰር ሰውየው የት ነው?

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እንቀመጥ። ሰው ንግግሩን ሲያጣ ምኑን ነው ያጣው? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን ሰውን መፍጠሩን ከነገረን በኋላ ወዲያው የጠቀሰልን ጸጋ «በያን» ነው፤ በልብ ያለውን ገልጦ የመናገር ችሎታ። ታዲያ ይህ ጸጋ ሲወሰድ ሰውነታችንም አብሮ ይወሰዳልን?

ይህ የመድረሳ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ ዓለምም ሆነ በአራዳ፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እስቲ አስቡት። የሰፈሩ አስታራቂ የነበሩ አንድ ሐጂ ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። ውሃ ስጡኝ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ «ቁልፍ» ይላሉ። ደግመው ቢሞክሩም «ቁልፍ»። ከሳምንት በኋላ ጠያቂ ሲመጣ ሐጂን ትቶ ልጃቸውን «እንዴት ናቸው?» ይላል። ልጅየውም አባቱ እየሰሙ «አእምሯቸውን ስተዋል» ብሎ ይመልሳል።

አእምሯቸውን አልሳቱም። ሐኪሞች ይህን ሕመም «አፌዥያ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲዘጋ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ። በአብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ግራ ክፍል ነው። ቀኙን የአካል ክፍል የሚያዘውም ይኸው ስለሆነ ንግግርና ቀኝ እጅ አብረው ይያዛሉ። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን አፌዥያ ይገጥማቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም «ታን» ከሚል ድምፅ በቀር እምብዛም መናገር የማይችል ሕመምተኛ አገኘ። ሰውየው የሚሉትን ይረዳ ነበር፤ በምልክትም ይመልስ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲመረመር ጉዳቱ በግራ በኩል ተገኘ። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒኬ ሌላ ዓይነቱን ገለጸ፤ ሕመምተኛው እንደ ልቡ ያወራል፤ ነገር ግን ቃላቱ ትርጉም አይሰጡም፣ የሌላውን ንግግር መረዳትም ይቸግረዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የተጎዳው ግን ቋንቋ ነው። ትዝታው፣ ፍቅሩ፣ ሐፍረቱ፣ ኢማኑ ከቃላቱ ጋር አልሄዱም።

አንድ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ውሃ» ማለት ያቃታቸው ሰው ፋቲሓን እስከ መጨረሻው ሊቀሩ ይችላሉ። ለዘመናት የተደጋገመ ነገር፣ እንደ ሰላምታ፣ እንደ ቁጥርና እንደ ዱዓ ያለው፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመፍጠር በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ነው። ይህን ያየ ሰው «ሲፈልጉ ይናገራሉ፣ አውቀው ነው» ይላል፤ ሌላው «ጂን ነው» ይላል። በዚሁ መንገድ ከደግ ሰው አፍ ሳይታሰብ ስድብ ሊያመልጥ ይችላል። አትቀየሟቸው።

ቁርኣን ቅሩባቸው፣ ዱዓም አድርጉላቸው። ግን ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ካያችሁ ሰዓት አታሳልፉ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «እስኪነጋ እንየው» የተባለበት ሌሊት አንጎል የሚሞትበት ሌሊት ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ትልቅ ሆስፒታል አለው። መንገዱን መጀመር የኛ ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዲናችን ቃል የሌለውን ሰው እንዴት ያየዋል? ለዘከሪያ (ዐ.ሰ) የተሰጠው ምልክት ሦስት ቀን ሰዎችን በጥቅሻ እንጂ በቃል አለማናገር ነበር። መርየም (ዐ.ሰ) ሕዝቧ ሲወነጅላት መልሷ ወደ ሕፃኑ ማመልከት ብቻ ነበር። ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን የመዲናይቱን ልጅ ታሪክም አስታውሱ። ለጌጧ ሲባል ጭንቅላቷ በድንጋይ ተቀጥቅጦ፣ መናገር አቅቷት፣ በመጨረሻ እስትንፋሷ ላይ ነበረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «መናገር አትችልም» ብለው አልተዋትም። ስም እየጠሩ ጠየቋት። ባልሠራው ሰው ስም «አይደለም» ብላ በራሷ አመለከተች፤ በገዳዩ ስም ሲደርሱ «አዎ» አለች። ከዚያ ሰውየው ተይዞ ተጠየቀ፤ አመነ።

ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምልክቷ እንደ ቃል ተሰማ። ፉቀሃዎቻችንም የታወቀ የዲዳ ምልክት እንደ ንግግር ይቆጠራል ብለዋል፤ በኋላ ላይ አንደበቱ በተያዘ ሰው ዝርዝር ላይ ቢለያዩም። ሁለተኛ፣ ነገሩ ተጣራ። አፌዥያ ያለበት ሰው «አይ» ሊል ፈልጎ «አዎ» ሊል ይችላልና አንድ ጊዜ ራስ መነቅነቅ አይበቃም። ጥያቄውን ገልብጣችሁ ጠይቁ፤ በሌላ ቀን ድገሙት።

ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የመሬት ወይም የሱቅ ወረቀት አምጥቶ፣ የደከመውን ጣት ይዞ ቀለም ላይ ማስነካት ቀላል ነው። ሐጂ መጮህ አይችሉም፤ ምስክር መጥራት አይችሉም። ያላወቁትን አሻራ ማስደረግ ግን ከባለቤቱ መስረቅ ነው፤ ሌባው ልጅ ስለሆነ ስሙ አይለወጥም። የማይቸኩል ጉዳይ ይቆይ፤ ንግግር በወራት ውስጥ የሚሻሻልላቸው ብዙ ናቸው። መረዳት በእርግጥ ካልቻሉም የሚቆምላቸው ሰው ሀብታቸውን የሚጠብቅ እንጂ ውርስ የሚያስቀድም መሆን የለበትም።

በየቀኑስ ምን እናድርግ? ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። አትጩሁ፤ ጆሯቸው ደህና ነው። አጭር ተናገሩ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። «ሻይ ወይስ ውሃ?» ስትሉ ሁለቱንም አሳዩ። ከዚያ ጠብቁ፤ ዝምታው ለእናንተ ረጅም ነው፣ ለእሳቸው ሥራ ነው። ሳይገባችሁ ገባኝ አትበሉ። እንግዳ ፊት «ይህ ምንድን ነው? እስቲ በሉ» ብላችሁ እንደ ሕፃን አትፈትኗቸው። መስጂድም ውሰዷቸው፤ መቅራት ቢያቅታቸው አላህ ከአቅም በላይ አይጠይቅም፤ ሶፍ ላይ ያለው ቦታቸው አሁንም የእሳቸው ነው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ጌታቸውን ለምነዋል፤ ከእሳቸው ይልቅ አንደበቱ የቀና ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸውም ጠይቀዋል። አላህ ያናገራቸው ነቢይ የወንድም አንደበት አስፈለጋቸው። ሃሩንም አብሯቸው ሄደ፤ ቦታቸውን ግን አልወሰደም።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ንግግር የከበደው ሰው በሰፈራችሁ ካለ ሂዱና ጠይቁት። «እንዴት ነህ?» የሚለውን ራሱን ጠይቁት፤ መልሱ እስኪመጣም ተቀመጡ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ የታሰሩ አንደበቶችን ይፍታ፤ እኛንም የሚሰማ ልብ ይስጠን። አሚን።