በባለጸጋ አገር ስለ መኖር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በባለጸጋ አገር የሚኖር ሁሉ ባለጸጋ ነውን? አሜሪካ ያለው ልጅ «ለጊዜው በእጄ የለም» ብሎ የላከ እንደ ሆነ፥ እዚህ ያለው ቤተ ዘመድ ደመወዙን በብር አስልቶ «ይህን ሁሉ እያገኘ ነፈገን» ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ፍርዱ ግን ልክ አይመስለኝም።

አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1776 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ስለ በፍታ ሸሚዝ ይናገራል፤ ሳስተምር ሳለሁ ይህን ምሳሌ ደጋግሜ አነሣው ነበር። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለ በፍታ በደህና ኖረዋል። በስሚዝ ዘመን ግን የቀን ሠራተኛ እንኳ ያለ እርሱ በሰው ፊት መታየትን ያፍር ስለ ነበር፥ ሸሚዙ የግድ ሆነ።

በዛሬዋ አሜሪካ ሸሚዙ አውቶሞቢል ነው ብል አላጋነንሁም። በብዙ ከተሞች አውቶቡስ እንደ ልብ ስለማይገኝ፥ መኪና የሌለው ከሥራው አይደርስም፤ መኪናው ደግሞ ቤንዚንና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ወዲህ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። ብዙ ግዛቶች ከዚህ ያስበልጣሉ፤ በዚህ የሚከፈለው ሰው ግን በሳምንት 40 ሰዓት ሠርቶ፥ ግብር ሳይነሣለት፥ 290 ዶላር ያገኛል።

«ቢሆንስ ጠግቦ ያድር የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። የዚያ አገር መንግሥትም ድህነትን በእንጀራ ለክቶ ነበር። ሞሊ ኦርሻንስኪ የተባለች የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ ቤተ ሰብ የገቢውን ሲሶ ለምግብ ያወጣል በማለት፥ የቀለቡን ዋጋ በሦስት አባዝታ የድህነትን ወሰን አገኘች። ከዚያ ወዲህ የምግብ ድርሻ እጅግ አነሰ፤ ኪራይ ግን ከበደ። በ2022 ከተከራዮቹ ግማሽ ያህሉ ከገቢያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለቤት ያወጡ ነበር። ይፋዊው ወሰን ዛሬም የቆመው በዚያው በቀለቡ መሠረት ላይ ነው።

ይህን ስል ሁሉንም ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ጎረቤቱ ስለ ገዛ ብቻ ትልቅ ቴሌቪዥን በብድር የሚያስገባ ሰው ሞልቷል፤ ያ የበፍታ ሸሚዝ አይደለም፥ ቅናት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ስንት ያገኛል ሳይሆን፥ ከኪራዩና ከመኪናው በኋላ ስንት ይተርፈዋል ነው። ይህንንም ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ብዙዎቹም ለእናታቸው መንገር ያፍራሉ።