ሂስትሪ ወሰድኩ

ሕክምና ስንማር «ሂስትሪ ወሰድኩ» እንላለን፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ግን አናነሣም። በዋርድ ፈተናዬ ቀን ሰጪዋ አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስላቸው «ልቤን» አሉኝ። ደረት ብዬ ጻፍኩ። ወደ ክንድዎ ይሄዳል? ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥርዎታል? እያልኩ አጣደፍኳቸው። እጃቸው ግን ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ጨጓራቸው ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ 74 የምርመራ ቆይታዎችን አዳምጠው፣ ሐኪሞቹ ታካሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ እንዳቋረጡ ጽፈዋል። እኔ የዚያን ያህልም አልታገሥኩ።

ያስጨነቀኝ ግን «አይዞዎት» ማለቴ ነው። ርኅራኄ ማሳየት ነጥብ አለው፤ ለነጥቡ ብዬ ነው ያልኩት። ውሸት ነው? ብዙ አሰብኩበት። «እንደምን አደሩ» የምንለውም ሁሌ ከልብ አይደለም፤ ዝም ብሎ ከማለፍ ግን ይሻላል። ወጉን የያዘ ሰው ስሜቱ አንድ ቀን ይደርስበት ይሆናል። መልስ ያጣሁለት ሌላው ነው፦ እያመማቸው፣ ለእኔ ማርክ ሲባል፣ በዚያ ጠዋት ሕመማቸውን ለሦስተኛ ጊዜ መተረካቸው። ጭራሽ «ልጄ፣ ማስመለሱን አልጠየቅኸኝም፤ የፊተኞቹ ጠይቀውኛል» ብለው አስታወሱኝ።

እጄን አሽቼ አሞቅኩ። «ሆድዎን ልንካ፣ እማማ?»

«ንካ እንጂ» አሉ። «ሳይጠይቁ ነበር የሚነኩኝ።»