«አሸነፍን» ለማለት መብት ያለው ማን ነው?

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ «እኛ»ን ያህል ለመናገር የቀለለ፣ ለመሸከም ግን የከበደ ቃል ያለ አይመስለኝም። ያቤሎ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ በአንድ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አያልፍም። «ዛሬ አሸነፍን!» ይላል አንዱ ወጣት። «ቆይ፣ ገና ትሸነፋላችሁ!» ይለዋል ሌላው። አሸናፊዎቹ እነማን ናቸው? አርሴናሎች። ዛቻውን የሚያሰማውስ? የማንቸስተር ቲፎዞ። «አሸነፍን» ያለው ወጣት ለንደንን አላየም፤ ምናልባት በዕድሜው ሙሉ አያያትም። ክለቡ እርሱ በዓለም መኖሩን አያውቅም። ሆኖም «አሸነፉ» አላለም፤ «አሸነፍን» ነው ያለው።

በዚህ የሚስቁ ብዙዎች ናቸው። «ኳሱን የተጫወቱት እነሱ፣ ገንዘቡን የሚቆጥሩት እነሱ፤ አንተ የመግቢያህን ከፍለህ፣ ጉሮሮህን አቁስለህ ወደ ቤትህ ትገባለህ» ይሉታል። ሣቁ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም። ለመሆኑ ሰው ራሱ ባልሠራው ድል «እኛ» ለማለት መብት የሚያገኘው በምንድን ነው? በመወለድ ነው? በመቅረብ ነው? በመምረጥ ነው? ወይስ በሌላ ነገር? በአገራችን «እኛ» በሚለው ቃል ስም ስንት ነገር ሲደረግ ያየ አንባቢ፣ ጉዳዩ ከኳስ ሜዳው አጥር የሚያልፍ መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም።

እስቲ መጀመሪያ የልደትን መልስ እንመልከት። «ኢትዮጵያዊ ሆኜ ተወልጃለሁ፤ ስለዚህ የብሔራዊ ቡድኑ ድል የእኔ ነው» የሚለው መልስ ለጆሮ ይጥማል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ ነገሩ የተወሰነው ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ በተጨማሪው ሰዓት ባስገቧቸው ሁለት ግቦች ነበር። ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት «በ54 ዋንጫ ወስደናል» ይላል፤ በዚያ ቀን አባቱ እንኳ ገና አልተወለደ ይሆናል። ይሁን፤ የልደት ርስት ነው እንበል። የቡድኑ አምበል ግን ማን ነበር? የኢታሎ ወንድም ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ ላይ የተወለደ ሰው። አሥመራ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት። ሉቺያኖም በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ፣ ኢጣልያ ኖሮ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ። እንግዲህ መለኪያው ልደት ብቻ ከሆነ፣ ከድሉ ብዙ ዘመን በኋላ የተወለደው ወጣት «እኛ» ውስጥ ሲገባ፣ ግብ ያገባው አምበል ግን በር ላይ ሊቀር ነው። ይህን የሚቀበል ኅሊና ያለ አይመስለኝም።

መቅረብስ? «ቡድኑን በዓይኑ የሚያየው፣ በሜዳው የሚገኘው ነው ባለመብቱ» ቢባል? የዋሊያዎቹ ታሪክ ይህንንም መልስ ያፈርሰዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ብሎ ካገደው ወዲህ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ አንድ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ አንድ ጊዜ ማላዊ፣ ሌላ ጊዜ ሞሮኮ እየሄደ ሲያካሂድ ዓመታት አሳልፏል። የያቤሎው ደጋፊ አርሴናልንም ዋሊያንም ያየው በዚያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። በርቀት በኩል ሁለቱ እኩል ሆኑበት።

የተገላቢጦሹንም አይተናል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ማለትም ዋንጫው በተወሰደ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጫወተች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ ቀድማ አገባች፤ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን ግን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ያን ቀን ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበሱት በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ስደተኞች ነበሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ ተነሥተው፣ በዚሁ በያቤሎ አጠገብ በሚያልፈው የሞያሌ መንገድ ወጥተው፣ ኬንያን አቋርጠው የሄዱ ናቸው። ከቡድናቸው አጠገብ ለመቆም የበቁት ከአገራቸው እጅግ የራቁት ሆኑ ማለት ነው።

ልደትም ቅርበትም ካልበቁ፣ ምርጫ ይቀራል። የምርጫን ነገር ለማየት ደግሞ ስኮትላንድ ጥሩ መስታወት ትሆናለች። የያቤሎ ቲፎዞ ልብ ሳይለው ግማሽ ስኮትላንዳዊ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድን ታላቅነት ያቆሙት ማት በዝቢና አሌክስ ፈርጉሰን ስኮትላንዳውያን ናቸው። ሊቨርፑልን ከወደቀበት ያነሣው ቢል ሻንክሊም፣ አርሴናልን እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1991 ለሻምፒዮንነት ያበቃው ጆርጅ ግራሃምም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 2025 ስኮትላንድ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፋ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ ከአግቢዎቹ መካከል የቀድሞው የማንቸስተር ማክቶሚኒና የቀድሞው የአርሴናል ቲርኒ ነበሩበት። ሁለቱም የእኛ ወጣቶች ሲያመሰግኗቸውና ሲያሟቸው የኖሩ ተጫዋቾች ናቸው።

ምርጫ የሚደነቅበት ምክንያት አለ። ያቤሎ የቦረናው፣ የጉጂው፣ የቡርጂው፣ የኮንሶው፣ የጉራጌው፣ የአማራው፣ የሶማሌው ልጅ የሚገናኝባት ከተማ ናት። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቦታ ይጠየቃል፤ በዲ ኤስ ቲቪ ቤት ግን መልሱ የአባት ስም አይደለም። አንዱ የቦረና ልጅ ከቡርጂው ነጋዴ ጋር ሆኖ፣ ከገዛ ወንድሙና ከሞያሌ ሹፌር ጋር ይሟገታል። ክርክሩ ሰዓት አለው፤ ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ያበቃል። «እኛ»ን ከደም ውጭ መናገር የሚለመድበት ቦታ ከሆነ፣ ያን ቤት እንደ ተራ ጊዜ ማጥፊያ አድርጎ መናቅ አይገባም።

ይሁንና ምርጫም የራሱ አደጋ አለበት፤ ተመልሶ ልደት ሊሆን ይችላል። ግላስጎው ከተማ ሴልቲክና ሬንጀርስ የሚባሉ ሁለት ክለቦች አሏት። ሴልቲክን እ.ኤ.አ. በ1887 ያቋቋሙት አንድ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው፤ ዓላማቸውም ከአየርላንድ ተሰደው የመጡ ድሆችን ልጆች ማብላት ነበር። የምጽዋት ሐሳብ ነበር እንግዲህ። ከጊዜ በኋላ ግን የሴልቲክ ቲፎዞ ማለት ካቶሊክ፣ የሬንጀርስ ቲፎዞ ማለት ፕሮቴስታንት ሆነና ሕፃን ገና ሲወለድ ክለቡ የሚታወቅ ሆነ። ሬንጀርስ በ1989 ሞ ጆንስተን የተባለውን ካቶሊክ ተጫዋች ቢያስፈርም፣ ከገዛ ደጋፊዎቹ መካከል የክለቡን ሻርፕ ያቃጠሉ ነበሩ። የሚገርመው ግን፣ ሴልቲክን በ1967 የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት ያደረገው አሠልጣኝ ጆክ ስታይን ፕሮቴስታንት ነበር። በእርሱ ሥር የነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ ከክለቡ ሜዳ ሠላሳ ማይል ያህል በሚሆን ዙሪያ የተወለዱ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። ያን ዋንጫ ያመጣው በደጋፊዎቹ ሕግ «ከእኛ ያልሆነ» ሰው ነው።

እኛም ከግላስጎው የተሻልን አይደለንም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቀሌ ክለቦች ወልድያ ላይ ሊጋጠሙ በነበረበት ዕለት በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በዚያ ዘመን የክለብ ማሊያ የክልል መታወቂያ ሆኖ ነበር። ጥፋቱ መከፋፈል ራሱ አይደለም። ቦረና ሳቦና ጎና ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ ነገር ግን ሳቦው የሚያገባው ከጎና፣ ጎናውም ከሳቦ ነው። ያኛው ወገን ከሌለ ይኼኛው ቤት አይቆምም። የኳስ ባላጋራም እንዲህ ነው፤ አርሴናል ያለ ማንቸስተር፣ ጊዮርጊስ ያለ ቡና ምን ጣዕም አለው? ክፍፍል የሚመረዘው ባላጋራን የሚያስፈልግ ሳይሆን የማያስፈልግ አድርጎ ማየት ሲጀመር ነው።

ታዲያ «እኛ» የሚባለው በምን ይለካል? መልሱን ከግላስጎው ይልቅ እዚያው ቦረና ውስጥ የምናገኘው ይመስለኛል። ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሣው ይሄዳል፤ ጎሣው ተመካክሮ፣ ከየሰዉ አዋጥቶ፣ እንደገና የሚነሣበትን ከብት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ «እኛ» ስሜት አይደለም፤ ጊደር ነው። ወገንህ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በጥጋብ ቀን አብሮህ የጨፈረውን በመቁጠር ሳይሆን፣ በረትህ ባዶ በሆነ ቀን ማን በር እንደከፈተልህ በማየት ነው።

ይህን መለኪያ ወደ ኳስ እናምጣው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሬንጀርስ ኩባንያ በዕዳ ፈረሰና ክለቡ ወደ ስኮትላንድ አራተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። የኢስት ስተርሊንግሺርን ያህል ትንሽ ቡድን ሊገጥም በሜዳው ለመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ሲወጣ ግን ከ49,000 በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ። ከእነዚህ ውስጥ ከዓመታት በፊት ሻርፕ ያቃጠለ ሊኖር ይችላል፤ ሰው ድብልቅ ፍጥረት ነው። የዚያ ቀን «እኛ» ግን የተከፈለበት «እኛ» ነበር። የብሔራዊ ቡድናቸው ደጋፊዎችም እንዲሁ ናቸው። ስኮትላንድ እስከ 1998 በተካፈለችባቸው ስምንት የዓለም ዋንጫዎች አንድም ጊዜ ከምድቧ አላለፈችም። በ1978 አሠልጣኙ አሊ ማክላውድ ሕዝቡን ሁሉ የዋንጫ ተስፋ አሰክረው አርጀንቲና ቢወስዱ፣ በፔሩ 3 ለ 1 ተሸንፈው፣ ከኢራን 1 ለ 1 ወጥተው ተመለሱ። ሆኖም ደጋፊው አልቀረም። ተስፋና ግምት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ግምት ውጤት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ተስፋ ግን ውጤት በጠፋ ጊዜ የሚደረግ ሥራ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብት በየመንገዱ ሲረግፍ፣ ሰው ለውሃ ሲሰለፍ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫ ነበረ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ልጅ ለአርጀንቲና ወይም ለፈረንሳይ ማልቀሱ ነውር አይደለምን? ነውር ነው ለማለት አልደፍርም። ሐዘን በሰልፍ የሚታደል አይደለም፤ ለሩቁ ያዘነ ልብ ለቅርቡ አይተርፈውም የሚል ሕግም የለም። እንዲያውም ከከባድ ሐዘን ለሁለት ሰዓት ወጥቶ መተንፈስ ለሰው ያስፈልገዋል። ጥያቄው ከሁለቱ ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፦ ለሩቁ ቡድን ያን ያህል እልህ ያለው ሰው፣ ጎረቤቱ በረቱ ባዶ በሆነ ጊዜ ምን አዋጣ?

የሩቅ ቡድን ፍቅር ከዚህ አንጻር ጉድለት አለበት። ጉድለቱ ሐሰት መሆኑ አይደለም፤ ዕዳ የሌለበት መሆኑ ነው። አርሴናል ቢወድቅ የያቤሎው ወጣት የሚያነሣበት ክንድ የለውም፤ የእርሱ አሥር ብር እዚያ አትደርስም። ስለዚህ የእርሱ «አሸነፍን» ከጨዋታ ወገን ነው። ጨዋታ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ደስታው ንጹሕ ነው፤ ማንም ሊነፍገው አይገባም። በአጠገቡ ያለው ቡድን ግን ክንዱን ይጠይቃል። በአቧራ ሜዳ ላይ ማሊያ ሳይኖራቸው የሚጫወቱ ሕፃናት ኳስ ይፈልጋሉ፤ ዳኛ ይፈልጋሉ፤ ቆሞ የሚያያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ዋሊያውም 4 ለ 0 በተሸነፈ ማግሥት «ድሮም አይረቡም» ከማለት የተሻለ ቃል ይፈልጋል። ሲያሸንፉ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፉ «ተሸነፉ» የሚል ሰው ሰዋስው አልተሳሳተም፤ ማንነቱን ነው የተናገረው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት መብቱ የሚገኘው ከትውልድ መዝገብም፣ ከሜዳው ቅርበትም፣ ከመምረጥ ብቻም አይደለም። «ተሸነፍን» ለማለት የደፈረና ከዚያ በኋላ እጁን የዘረጋ ሰው፣ ቀን ሲወጣለት «አሸነፍን» ይበል። ይህ ለኳስ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጎሣ፣ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ አገር ስም «እኛ» ለሚል ሁሉ ነው። በየአደባባዩ «እኛ»ን አብዝቶ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመን የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገንም። ድርቅ በመጣ ጊዜ ስንት ጊደር እንደሰጠ ብንጠይቀው ይበቃል።